«ስማቸውን ሰርዘነዋል፣ ምን ችግር አለው?»

ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሥራ ከጀመርሽ ገና ሁለት ወርሽ ነው፣ የሙከራ ጊዜሽም አላለቀም። አለቃሽ ደግሞ ደንበኞች ዕቃ እንዲደርሳቸው ብለው የሰጡትን የአድራሻና የእንቅስቃሴ ዳታ ወስደሽ፣ ማን ብድር እንደማይመልስ የሚገምት ሞዴል ሥሪ አለሽ። «ስማቸውን ሰርዘነዋል፣ ምን ችግር አለው?» ሲልሽ መልስ አጣሽ።

ስም ስለተሰረዘ ሰው አይደበቅም። ላታንያ ስዊኒ የተባለች ተመራማሪ በ1990 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ላይ ተመሥርታ እንደገመተችው፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታና የመኖሪያ አካባቢ የፖስታ ኮድ ብቻ ሲገጣጠሙ 87 በመቶውን ሕዝብ ለይቶ ለማወቅ ይበቃሉ። አንቺ እጅ ያለው ደግሞ ሰው የት እንደሚያድርና የት እንደሚውል ነው፤ ይኼ ከስምም ይብሳል።

ለእኔ ግን ዋናው ሌላ ነው። ሰዎቹ ብድር እንከለከልበታለን ብለው ቢያውቁ ኖሮ ይሰጡ ነበር? የአውሮፓው የዳታ ጥበቃ ሕግ፣ ጂዲፒአር፣ ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ለማይጣጣም ዓላማ እንዳይውል ያዛል። ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል፣ የሰዎቹ ቅሬታ ግን የትም ያው ነው።

እምቢ ብለሽ ተነሺ አልልሽም። በኢሜይል ጠይቂው፦ «ደንበኞቹ የተስማሙበት ውል ይህን ይፈቅዳል? የሕግ ክፍል አይቶታል?» አጭር ይሁን፣ ክስ አይምሰል። በቃል የሚያዝ ሰው በጽሑፍ ማዘዝ ሲመጣ እጁ ይከብደዋል፤ በዚህ ብቻ የቀረ ሥራ አውቃለሁ። አማራጭም ያዢ፦ ፈቃዳቸውን ጠይቀን እሺ ካሉት እንጀምር በይ። የተባባላችሁትን ከነቀኑ መዝግቢ፣ ግን ማስረጃ ይሆነኛል ብለሽ የደንበኞችን ዳታ ወደ ግል ኮምፒውተርሽ እንዳትገለብጪ! ያኔ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ።

«አለቃዬ አዞኝ ነው» ማለት ያድነኛል ብለሽ ጠይቀሽኛል። ብዙም አትመኚበት። ቮልክስዋገን መኪናው ምርመራ ላይ መሆኑን የሚለይ ሶፍትዌር አስገብቶ የጭስ ልቀቱን ሲደብቅ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. 40 ወር የተፈረደበት ጄምስ ሊያንግ የኩባንያው መሪ ሳይሆን መሐንዲስ ነበር። ያንቺ ጉዳይ እዚያ አልደረሰም፣ ላስፈራራሽም አይደለም።

ደሞዙ የግድ ካስፈለገሽ ዛሬውኑ አትልቀቂ፤ ሲቪሽን ግን አድሺ። ኢሜይሉን ስትጽፊ ደግሞ ከመላክሽ በፊት አሳዪኝ፣ አብረን እናየዋለን።