ባለ 22 ኪሎዋት ቻርጀር ልግዛ?

ጥያቄ፦ ቤቴ ባለ አንድ ፌዝ ነው። ሻጩ ግን ለኤሌክትሪክ መኪናህ ባለ 22 ኪሎዋት ቻርጀር ግዛ ይለኛል። እስካሁን የምሞላው ከተራ ሶኬት ነው፤ ጠዋት ስነቅለው ሶኬቱ ይፋጃል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ ያንን ሶኬት ተወው! ውስጡ ያለች ብሎን ትንሽ ከላላች፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጫን ያደረ ሶኬት ይቀልጣል። 22 ኪሎዋት ሦስት ፌዝ ይፈልጋል፣ አንተ ጋ ትርፉ ወጪ ነው። በ32 አምፒር የሚሠራው ባለ 7 ኪሎዋት ይበቃሃል፤ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አመሻሽ ላይ ብትሰካው ሲነጋ ሞልቶ ታገኘዋለህ። ደግሞም ግድግዳው ላይ የፈለግከውን ብትሰቅል፣ መኪናው ውስጡ ከተገጠመው ከራሱ ቻርጀር አቅም በላይ አይወስድም። መስመሩ ለብቻው ይዘርጋ፣ የራሱ ብሬከር ይኑረው። ኤሌክትሪሺያኑን ደግሞ "አርዙን፣ ወደ መሬት የሚወርደውን መስመር፣ በመሣሪያ ለክተኸዋል?" በለው። በዓይኑ አይቶ "ደህና ነው" ካለህ፣ ሌላ ሰው ፈልግ።