ካፖርቱን ያልመለስኩለት ሰው

ባለፈው ሳምንት ፊልም የምትማር አንዲት ልጅ መጥታ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ ከመንገድ ባገኛቸው ሰዎች እንደዚያ ያለ ፊልም ከሠራ፣ እኛ ለምን ተዋናይ እንፈልጋለን?» አትክልት ተራ አንድ ጫኝና አውራጅ አይታለች፤ ለመጀመሪያ ፊልሟ እሱን ልታሠራ ነው። «ጎበዝ» ብዬ ሸኘኋት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

የፊልም ዳይሬክተሩ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1901 ሶራ በምትባል የኢጣሊያ ከተማ ተወለደ። መጀመሪያ የታወቀው በተዋናይነቱ ነው፤ መልከ መልካም፣ ዘፋኝም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካሜራውን ይዞ ሮም ጎዳና ላይ ወጣ። በ1946 ለአሜሪካ ወታደሮች ጫማ ስለሚጠርጉ ልጆች ሠራ። ሊስትሮ የሚለውን ቃላችንን የወሰድነው ከጣሊያንኛ ነው፤ ያንን ፊልም ባየሁ ቁጥር የፒያሳ ልጆች ትዝ ይሉኛል። በ1948 ደግሞ «የብስክሌት ሌቦች» መጣ።

አንድ ሥራ ፈት አባት ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። በመጀመሪያው ቀን ብስክሌቱን ይሰረቃል። ብስክሌት ከሌለ ሥራ የለም። ከትንሽ ልጁ ጋር ሮምን ሲያስስ ይውላል፤ በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ሴልዝኒክ የተባለው አሜሪካዊ ፕሮዲዩሰር «አባትየውን የሆሊውዱ ኮከብ ኬሪ ግራንት ይሥራውና ገንዘቡን እኔ እችላለሁ» ቢለው ዴ ሲካ እምቢ አለ። ላምቤርቶ ማጆራኒ የሚባል የፋብሪካ ሠራተኛ አገኘ። ሰውዬው የመጣው ልጁን ሊያስፈትን ነበር፤ የዴ ሲካ ዓይን ግን አባትየው ላይ ቀረ።

ልጅቷ እስከዚህ ድረስ ታውቃለች። ማጆራኒ ከቀረጻው በኋላ ወደ ፋብሪካው ተመለሰ። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሱንም ቀነሰው። ፊልሙ የኦስካር የክብር ሽልማት ወሰደ፤ እሱ ሥራ አጣ። ግንበኝነት ሞከረ፣ እዚህም እዚያም ትንንሽ ሚና ተሰጠው፣ በ1983 ሮም ውስጥ አረፈ።

እኔም አንድ ሰው አለብኝ።

በ1988 ዓ.ም. ክረምት ላይ አጭር ፊልም እየሠራሁ ነበር። የእህል መጋዘን የሚጠብቅ ዘበኛ አገኘሁ። ዕድሜው ሃምሳ ገደማ ነው። ዝም ብሎ ሲቆም እንኳ ዓይን ይይዛል። ሌሊት ይጠብቃል፣ ቀን ቀን እኛ እንቀርጸዋለን። «አለቃህን አናግርልሃለሁ፣ አታስብ» አልኩት። አላናገርኩለትም። አንድ ቀን ይሄኛው ትዕይንት ይለቅ፣ በማግስቱ ያኛው ይለቅ እያልኩ ረሳሁት። በስድስተኛው ቀን ዓይኑ ቀላ፣ ጉንጩ ጎደጎደ። ድካሙ ካሜራው ላይ ያምር ነበር። እኔ ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ።

የሐምሌ ብርድ ነው። የለበሳት ካፖርት ሦስተኛ ቁልፏ ወልቆ በነጭ የሸሚዝ ቁልፍ ተተክታለች፤ በጥቁር ክር ነው የተሰፋችው። ትዕይንቶቹ እንዲገጣጠሙ ብለን ካፖርቷን እኛ ጋ አሳደርናት። እሱ ያለ ካፖርት ይጠብቅ ነበር። በዘጠነኛው ቀን መጋዘኑ በር ላይ እንቅልፍ ጥሎት ተገኘና ተባረረ። ለኔ ትንፍሽ አላለም። በማግስቱ እንደ ወትሮው በሰዓቱ መጥቶ ቆመ። መባረሩን የሰማሁት ቀረጻው ካለቀ በኋላ፣ ከሹፌራችን ነው።

ሥራ እንድፈልግለት ሦስት ጊዜ ቢሮ መጣ። ሦስቱንም ጊዜ ጸሐፊዋን «ስብሰባ ላይ ናቸው በይው» አልኳት። በመጨረሻው ቀን በመስኮት አየሁት፤ ከመንገዱ ማዶ ጋቢ ተከናንቦ የሱቅ ጥግ ተጠልሎ ቆሟል። ዝናቡ እስኪያባራ እየጠበቀ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ዝናቡ ካባራ በኋላም አልሄደም ነበር።

ዛሬ እናንተ መንገድ ላይ የተኛ ሰው ስታዩ ስልክ አውጥታችሁ ትቀርጻላችሁ፣ ሳትጠይቁት ትለጥፉታላችሁ። ይሄ ያናድደኛል። ግን ድፍረታችሁ ያስቀናኛል። እኛ አንድ ፊልም ለማንሳት የስንቱን ፊርማ እንለምን ነበር!

ስለዚህ በተዋናይ ብቻ ሥሩ ልላችሁ ብዕር አነሳሁ። እንደገና ሳስበው ግን ያ አይሆንም። ዴ ሲካ በ1952 «ኡምቤርቶ ዲ»ን ሲሠራ ጡረተኛውን ሽማግሌ ሆኖ የተወነው ካርሎ ባቲስቲ የሚባል የቋንቋ ጥናት ፕሮፌሰር ነው። ያንን ፊት ከየትኛው ተዋናይ ያገኘው ነበር? ዴ ሲካ ፊልሙን መታሰቢያ ያደረገው ለአባቱ ነው፤ የአባቱም ስም ኡምቤርቶ ነበር። ባቲስቲ ግን ካሜራው ሲነሳ የሚመለስበት ሙያ ነበረው። የኔ ዘበኛ ያለችው አንዲት የመጋዘን በር ነበረች።

ካፖርቷ ዛሬም ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለች። ከዓመታት በኋላ ይዤያት መጋዘኑ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ፈርሶ ሌላ ሕንፃ ቆሞበታል።

ትናንት ለልጅቷ ደወልኩላት። ጫኝና አውራጁ ስንት ሰዓት ሥራ እንደሚገባ፣ አንድ ቀን ቢቀር ቦታውን ማን እንደሚወስድበት ጠየቅኳት። አላወቀችም። ጠይቂውና መልሰሽ ደውዪልኝ አልኳት።