ጓንዡ ለምትሄጂው እህቴ፦ መጀመሪያ ምስክር ያዢ፣ ከዚያ አንሺ

እህቴ፣ ትናንት ማታ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሁለት ወር በኋላ ለማስተርስ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ልትሄጂ ነው። እዚያ የኖሩ ሰዎች «ወድቀሽ ብታጣጥሪ ዞር ብሎ የሚያይሽ የለም፣ አንቺም የወደቀ ሰው እንዳትነኪ» ብለው አስፈራርተውሻል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አደባባይ አንድ ሰውዬ ወድቆ ፊቱ ደም በደም ሆኖ ሰው ከቦ ሲያየው፣ አንቺም አይተሽ አለፍሽ። እንቅልፍ አጣሁ ብለሻል። «እኛስ ከነሱ በምን እንሻላለን? እዚያስ ምን ላድርግ?» ነው ጥያቄሽ።

እኔ ጓንዡ 6 ዓመት ኖሬያለሁ፣ ሸቀጥ እየላክሁ። አሁን ቸርችል ጎዳና አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የወደቀ ሰው አንስቼ ሁለት ጊዜ ፖሊስ ፊት ቆሜያለሁ። አንዴ እዚያ፣ አንዴ እዚህ። የመጀመሪያው የዓመት ትርፌን በላው። በሁለተኛው አንድ ልጅ ከነነፍሱ ተርፏል። የቪዛውንና የዶርሙን ነገር ሌሎቹ ይንገሩሽ። እኔ የምነግርሽ ይሄንን ብቻ ነው።

በመጀመሪያ፣ ቻይናዎች ጨካኞች ናቸው የሚባለውን አትቀበዪ። እኔ እዚያ እያለሁ፣ ጥቅምት 2004 ዓ.ም.፣ ከጓንዡ አጠገብ ባለችው ፎሻን ከተማ አንዲት የ2 ዓመት ሕፃን በመኪና ተገጨች። 18 ሰው አጠገቧ አለፈ። ሁሉም በካሜራ ተቀርጿል። በመጨረሻ ያነሳቻት ቆሻሻ እየለቀመች የምትሸጥ ሴት ናት። ሕፃኗ ከቀናት በኋላ ሞተች። ያን ሰሞን አገሩ በሙሉ ሲያለቅስ አይቻለሁ። መጋዘን አብሮኝ የሚሠራው ቻይናዊ ስልኩን ይዞ እንባው ይወርድ ነበር። «አንተ ብትሆን ታነሳት ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለ። ከዚያ የናንጂንግን ነገር ነገረኝ።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 ናንጂንግ ላይ አንዲት አሮጊት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ወደቁ። አንድ ወጣት አነሳቸው፣ ሐኪም ቤት አደረሳቸው፣ ገንዘብም ሰጣቸው። ሴትዮዋ ገፍቶኛል ብለው ከሰሱት። ዳኛው ደግሞ «ካልገፋሃቸው ለምን ሐኪም ቤት ወሰድካቸው?» በሚል ስሌት ከ45 ሺህ ዩዋን በላይ እንዲከፍል ፈረደ። ከዓመታት በኋላ ልጁ ራሱ ተጋጭተን ነበር ብሎ ማመኑ ተነግሯል። ግን ማን ሰማ? ወሬው አገር አዳርሶ ጨርሷል። «ያነሳ ይከፍላል» የሚለው በሰው ልብ ተተክሏል።

እኔ ይህን ሰምቼም አልተማርኩም። የሐበሻ ልጅ ነኝ፣ ነግ በእኔ ብዬ ነው ያደግኩት። ስለዚህ፦

1. ለማንም ታካሚ ከኪስሽ አትክፈዪ። በ2006 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ከሺያዎቤይ ወደ መጋዘን እየሄድኩ ነው። ሺያዎቤይ ማለት የአፍሪካ ነጋዴ በሙሉ የሚሰበሰብበት ሰፈር ነው፣ አንቺም ሳትወጂ እዚያ ትመላለሻለሽ። ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ያዳልጣል። አንድ ሽማግሌ አትክልት የሞላ ጋሪ እየጎተቱ ከፊቴ ተንሸራተው ወደቁ። የሽንኩርቱ ቅጠል መንገድ ላይ ተበተነ። እግራቸው ሊታጠፍ አልቻለም። ሰው በግራ በቀኝ ያልፋል። አነሳኋቸው፣ ታክሲ ጠራሁ፣ ሐኪም ቤት አደረስኳቸው። እዚያ ቅድሚያ 3,000 ዩዋን ካልተያዘ አይነኩም አሉ። ከፈልኩ። ደረሰኙ በኔ ስም ወጣ።

ስህተቴ ይሄ ነው። ማንሳቴ አይደለም። ከሰዓት ልጃቸው መጣ። ደረሰኙን አየ፣ እኔን አየ፣ ስልኩን አወጣ። ማታ ፖሊስ ጣቢያ ነበርኩ። በስልክ የሚያስተረጉምልኝ ጓደኛዬ የመኮንኑን ጥያቄ ሲነግረኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። «ካልገፋኸው ለምን አነሳኸው?» ነው ያለኝ። ሽማግሌው አልጋ ላይ ሆነው አላዩኝም፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። እስካሁን አይወጣልኝም።

2. ካሜራ በዚያው ቀን ይጠየቅ። እነሱ አገር ካሜራ የሌለበት ጥግ የለም። ሽማግሌው የወደቁበት ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት ነበር፣ በሩ ላይ ካሜራ አለው። እኔ ይህን ያስታወስኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ስንሄድ ቅጂው ተደምስሷል። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ያን ዕለት በር ላይ ቆማ ስታየኝ ነበር፣ ዓይን ለዓይን ተያይተናል። «አላየሁም» አለች። ለመንናት። «አላየሁም» ብላ መጋረጃዋን ዘጋች። ነገሩ ሲጓተት ቪዛዬ ሊያልቅ 40 ቀን ቀረው። ክርክር ይዤ ቪዛ ማሳደስ ፈራሁ። በሽምግልና 12,000 ዩዋን ከፍዬ ተለያየን። አምስት ወር ፈጀ። ያን ዓመት ለእናቴ ፋሲካ የምልከውን እንኳ ተበድሬ ነው የላክሁት።

አንቺ ከኔ በተሻለ ጊዜ ነው የምትሄጂው። ከጥቅምት 2017 (በነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው አንቀጽ 184 በፈቃዱ አስቸኳይ እርዳታ የሰጠ ሰው፣ ሲረዳ ለደረሰው ጉዳት አይጠየቅም ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ልብ በዪ፣ ይህ የሚያድንሽ ስታነሺ እጁን ብትሰብሪው ነው። «አንቺ ነሽ የገፋሽኝ» ካለሽ መልሱ ያው ምስክርና ካሜራ ነው። ስለዚህ ከመንካትሽ በፊት ስልክሽን አውጪና የወደቀውን፣ አካባቢውን፣ የቆሙትን ሰዎች ቅረጪ። አሥር ሰከንድ ይበቃል። ለፌስቡክ አይደለም፣ ለራስሽ ነው። ከዚያ 120 ደውዪ፣ አምቡላንስ ነው። ፖሊስ 110። የዶርምሽን አድራሻ በቻይንኛ አጽፈሽ ስልክሽ ላይ ያዢው። አንቺ ከወደቅሽ «ጅዩ ሚንግ!» ብለሽ ጩኺ፣ ነፍሴን አድኑ ማለት ነው።

3. ሰው ለይተሽ ጥሪ። ይሄኛውን የተማርኩት ዘግይቼ ነው፣ እዚህ ስመለስ ጠቅሞኛል። በ1968 እንደ ፈረንጅ፣ ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ኒውዮርክ ውስጥ ሙከራ አድርገው ነበር። ተማሪዎች ለየብቻ ክፍል ገብተው በድምፅ ማጉያ ያወራሉ። በመሐል አንዱን የሚጥል በሽታ ሲጥለው ይሰማሉ። የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ ያለው ተማሪ፣ ከ100 እጅ 85ቱ ድምፁ ሳያበቃ ለእርዳታ ወጣ። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብሎ ያሰበው ግን 31 በመቶው ብቻ ነው የወጣው። ጭካኔ ሳይሆን ሁሉም ሌላውን ጠብቆ ነው።

የሚጥል በሽታ ካልኩ እኛ አገር ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ለገሃር ጋ አንዱን ይጥለዋል። ወዲያው «ክብሪት! ክብሪት!» ይባላል። ሊስትሮው ይሮጣል፣ ሲጋራ አዟሪው ክብሪት ይወረውራል፣ አፍንጫው ሥር ይጫራል። ክብሪቱ አይጠቅመውም፣ እንዳያቃጥለው እንጂ። በጎኑ አስተኝቶ ከጭንቅላቱ ሥር ልብስ ማድረግ ነው የሚሻለው። ግን ሰው ሮጧል አይደል? እጁን ላለማስነካት ክብሪት አቀበለ እንጂ ጥሎት አልሄደም። ሌባ ሲባልም እንደዚያው ነው። ፒያሳ ላይ ስልክ ተመንትፎ «ሌባ!» ብለሽ ጩኺ፣ ግማሹ መንገደኛ ይሮጥልሻል፣ እንዲያውም ሊገድሉት ሁሉ ይደርሳሉ። የተገጨ ሰው ሲሆን ግን ያው መንገደኛ እጁን ኪሱ ይከታል። ለምን? ሌባ ያባረረን ማንም ቃል ስጥ አይለውም። የተገጨ ያነሳ ግን መታወቂያው ይያዛል። ጣጣው ነው የሚያስፈራን። ሰፈር ሲፈርስ ደግሞ ባሰ። ድሮ ፒያሳ ብትወድቂ «የእትዬ እገሌ ልጅ ናት» የሚል አይጠፋም ነበር። የሚያውቅሽ ሰው ጣጣ አይቆጥርም።

4. እንግዲህ እዚህ የሆነውን ልንገርሽ። አምና ሐምሌ፣ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከለገሃር ወደ ስታዲየም በእግሬ እየሄድኩ ነው። ዕቃ የሚያደርስ ባለሞተር ልጅ ሚኒባስ ገጭቶት አመለጠ። ልጁ አስፋልቱ ላይ ነው። የያዘው ኬክ ካርቶኑ ተቀዶ ተጨፍልቋል። ሠላሳ የሚሆን ሰው ከቧል፣ አብዛኛው ስልክ አውጥቷል። መንገድ የሚሻገረው ሰው ኬኩን እንዳይረግጥ ዞር ብሎ ያልፋል። ልጁን ማንም አልነካውም። ከኋላ መኪና እየመጣበት ነው።

በዚያች ቅጽበት ጓንዡ ታየኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እግሬ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ቀረጽኩ። ቀጥዬ ጣቴን ቀሰርኩ። «አንተ ባለ ቀይ ጃኬት፣ 907 ደውል። አንቺ ታርጋውን ያየሽ፣ አሁን ስልክሽ ላይ ጻፊው። አንተ ሊስትሮ፣ ከዚህ አትሂድብኝ።» እህቴ፣ ሠላሳው ሰው እንደ ተቀሰቀሰ ሆነ። ባለ ቀዩ ጃኬት እየተንተባተበ ደወለ። ጥግ ላይ ጀበና ቡና የምታፈላው ሴት አራት የፕላስቲክ በርጩማዎቿን አንስታ መጣችና መኪና በሚመጣበት በኩል አስፋልቱ ላይ ደረደረቻቸው፣ መኪና እንዲዞር። ኔትዎርኳ የጠፋባት ይመስል ስልኳን ስታገላብጥ የነበረች ተማሪ ጃኬቷን አውልቃ አለበሰችው። አንገቱን እንዳናንቀሳቅስ ጭንቅላቱን በሁለት እጄ ይዤ አምቡላንስ እስኪመጣ ቆየሁ። «ስምህ ማነው?» እያልኩ ደጋግሜ እጠይቀዋለሁ። ይነግረኛል፣ ይረሳዋል፣ እንደገና ይነግረኛል።

አምቡላንሱ ሲመጣ «አብሮት የሚሄድ ማነው?» ተባለ። ያ ሁሉ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። እኔ ገባሁ። የጀበናዋ ሴትዮ በመስኮት «ወንድሜ፣ ቁጥሬን ያዝ፣ አይቻለሁ እላለሁ» አለችኝ። የሊስትሮውንና የተማሪዋንም ያዝኩ።

ሐኪም ቤቱን ስሙን አልጠራም። በር ላይ ጥበቃው «አምጪው አንተ ነህ?» ብሎ መታወቂያዬን ያዘ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ቀና ሳትል «5,000 ብር አስይዝ» አለችኝ። ያው ወጥመድ! ኪሴ ውስጥ ብሩ ነበር። አልከፈልኩም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ፣ ተሽከርካሪ የገጨው ሰው እስከ ተወሰነ ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና በነፃ ያገኛል ይላል አልኳት። «እሱን ላወጣው ንገረው» ብላ ቀጣዩን ተራ ጠራች። ልጁ ቃሬዛ ላይ ነው፣ ደሙ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ብሩ ሁሉን ባይሸፍንም በር ያስከፍታል። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ኃላፊው ይጠራልኝ፣ እምቢ ካላችሁ እምቢ ማለታችሁን ጽፋችሁ ስጡኝ» አልኩ። ጻፉልኝ ሲባል ሁሉም ይደነግጣል። አንዲት ሲስተር ብቅ አለች፣ ልጁን አየችው፣ ቃሬዛውን ራሷ እየገፋች አስገባችው። እግዜር ይስጣት።

ትራፊክ ፖሊሱ ሲመጣ የጠየቀኝን ገምቺ። «ካልገጨኸው አንተ ምን አገባህ?» ያው ጥያቄ፣ በአማርኛ! ስለ ወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 575 ደንበኛዬ የሆነ ጠበቃ ነግሮኝ ነበር። ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት እየቻለ፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው ሆን ብሎ ትቶ የሄደ፣ እስከ 6 ወር ቀላል እስራት ወይም መቀጮ አለበት። «ሕጉ ነው ያገባኝ» አልኩትና ቪዲዮውን፣ ታርጋውንና ሦስቱን ስልክ ቁጥሮች ሰጠሁት። ለሴትዮዋ ደወለ። ከስልኩ ውጭ ድረስ ይሰማል ድምፅዋ። በአርባ ደቂቃ መታወቂያዬን ተቀብዬ ወጣሁ። እዚያ አምስት ወር፣ እዚህ አርባ ደቂቃ። ልጁ አሁን ይሠራል፣ ትንሽ ያነክሳል። ለገና ሱቄ ድረስ ኬክ ይዞልኝ መጥቶ ነበር።

ይህን አንቀጽ የጠቀስኩት አንቺን ለማስፈራራት አይደለም። ሜክሲኮ ላይ ደንግጠሽ ነው ያለፍሽው። ግን እንቅልፍ ካጣሽ ቁጭ ብለሽ አትብሰልሰዪ። ነገ ከሥራ ስትወጪ እዚያው ቦታ ሂጂ። አካባቢው ላይ ቡና የምታፈላ ሴት ወይም ሊስትሮ አይጠፋም። ማን እንዳነሳው፣ በምን እንደተወሰደ፣ ወዴት እንደሄደ ያውቃሉ። ቡና ጠጪና ጠይቂያት። ያለበትን ካወቅሽ እዚህ ጻፊልኝ፣ ከባለቤቴ ጋር ሆነን እንጠይቀዋለን።