«ኑዛዜዬን የተቃወመ ልጅ ከውርስ ይነቀል» ማለት ያዋጣል?

ሰላም ወንድሜ። አባትህ ድሬዳዋ ውስጥ የከዚራውን ቤትና አሸዋ ሰፈር ያለውን ሱቅ ለልጆቻቸው ሲያከፋፍሉ «የተቃወመ ከውርስ ይነቀል» የሚል መስመር ይግባ ወይ ላልከው፣ ሐሳቡ ይግባ፤ በዚህ ቃል ግን አይጻፍ።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅን ለመንቀል ተናዛዡ ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ በግልጽ መጻፍ አለባቸው፤ ምክንያቱ የሚበቃ መሆኑንም ፍርድ ቤት ያየዋል። «ነገ ይከሰኝ ይሆናል» ዳኛ ፊት የሚቆም አይመስለኝም። ስጦታን በሁኔታ ማሰር ግን ሌላ ነገር ነው፣ ይፈቀዳል። ሕግን የሚቃረን ሁኔታ ግን እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ስለዚህ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

«ሱቁን ለልጄ ለእገሌ ሰጥቻለሁ። ይህን ኑዛዜ ለማፍረስ ከሶ ከተረታ ግን ሱቁ ለእህቱ ለእገሊት ይሁን።»

«ከተረታ» የምትለዋን አትዝለላት፤ ፊርማው ሐሰት ነው ብሎ በማስረጃ የረታን ልጅ መቅጣት አይያዝም። «ለማፍረስ» የተባለውም ሒሳብ የጠየቀውን ወይም የቃሉ ትርጉም ይብራራልኝ ያለውን እንዳይነካ ነው። ንብረቱ ወደ ማን እንደሚዞር ካልተጻፈ ደግሞ ሌላ ክርክር ይወለዳል። የሚያጣው የሌለው ልጅ አይፈራም፤ ለአንዱ ቤት፣ ለሌላው 5,000 ብር ከተሰጠ ይህች መስመር ማንንም አታስቆምም።

ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው ግን በፎርም ነው። በእማኝ ፊት የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 እማኞች ፊት መነበቡና ይህም መፈጸሙ ከነቀኑ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ሁሉም እዚያው ይፈርማሉ። «ተነቧል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ከቀረች እማኞቹ ዓሥር ቢሆኑም አያድኑትም። ከእማኞቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ፤ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ መጨረስ የሚሻለውም ለዚህ ነው። ስጦታ ተቀባይ እማኝ አይሁን። አባትና እናትህ በአንድ ወረቀት አብረው ከተናዘዙ ኑዛዜው ዋጋ የለውም፤ ለየብቻ ይጻፉ። እናትህ የጋራ ንብረት ግማሽ ድርሻዬን ቢሉ ያ መቃወም አይደለም፣ አባትህ የሚናዘዙት በራሳቸው ድርሻ ብቻ ነውና።

ሐረር ጀጎል ቤት ላላችሁና ለጠየቃችሁ፦ ተከራካሪዎቹ ተስማምተው ጉዳዩ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሄደ ኑዛዜ ከሲሶ አያልፍም፣ ለወራሽ የተደረገውም ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ አይጸናም። እዚያ ይህች መስመር ብዙም አትረዳችሁ።