ትርፍ አንጀት፦ በካሜራ ወይስ ተከፍቶ? ሁለቱም ቤታችን ገብቷል

እህቴ፣ መጀመሪያ ባለቤትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። «ትርፍ አንጀት ነው ተባለ፤ በካሜራ (በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ) ወይስ ተከፍቶ ይሠራ ብለው አስመረጡን፤ የካሜራው ውድ ነው፣ የቱ ይሻላል?» ብለሻል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን እኔ በ2003 ዓ.ም. ደሴ ተከፍቼ ተሠርቻለሁ፤ ታናሽ እህቴ ደግሞ አምና አዲስ አበባ በካሜራ ወጥቶላታል። ሁለቱንም ያስታመመችው እናቴ ናት።

የእኔ እምብርቴ አካባቢ ነው የጀመረው። ቁርጠት መስሎን ጤና አዳም በቡና ጠጣሁ፤ ጎረቤት መጥተው ሆዴን በቅቤ አሹኝ (ይህን ማንም እንዳያደርግ!)። በማግሥቱ ሕመሙ ወደ ታች ወደ ቀኝ ጎኔ ወረደ፤ ቀና ብዬ መራመድ አቃተኝ። ሆስፒታል ስደርስ ፈንድቷል። ጀርባዬ ላይ ወግተው ከወገቤ በታች አደንዝዘው ከፈቱኝ። ስድስት ቀን ተኛሁ፤ ነርሷ በየጠዋቱ «አየር ወጣልህ?» እያለች ታሳፍረኝ ነበር። ቤት ከገባሁ በኋላ ቁስሉ አመረቀዘ፤ ስፌቱን ከፍተውት ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ እየሄድኩ ጎዝ አስቀየርኩ። ሳል ሲመጣብኝ ትራስ ሆዴ ላይ ጭኜ ነበር የምስለው። ጀሪካን ያነሳሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ታናሽ እህቴ ግን በተሠራች በበነጋው ከሆስፒታል ወጣች። ሦስት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለባት፤ የእምብርቷ ጭራሽ አይታይም። የሚገርመው የከፋባት ሆዷ ሳይሆን ትከሻዋ ነው። «የተሠራሁት ሆዴን፣ ትከሻዬን ምን ነካው?» እያለች ስታለቅስ ደንግጠን ደወልን። ለካ ለካሜራው ቦታ እንዲሆን ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ ተርፎ የሚቀረው ጋዝ ድያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) ሲነካው ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ግቢ ውስጥ ስትዘዋወር በሁለት ቀን ለቀቃት። በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ገባች።

ይህን ሰምተሽ «በቃ ካሜራ» እንዳትዪ። የእሷ በጊዜ ተይዟል፣ የእኔ ፈንድቷል። እኔም በጊዜ ሄጄ ቢሆን ያንን ሁሉ መግል ባላየሁ ነበር። ውስጥ የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፦ ደም ሥሩ ይታሰራል፣ ትርፍ አንጀቱ ከሥሩ ታስሮ ይቆረጣል። የካሜራው ጥቅም ውጪ ያለው ቁስል ብዙም አለማመርቀዙና ሰው ቶሎ መነሳቱ ነው። ወፍራም ለሆነ ሰው ደግሞ በተለይ ይጠቅማል። ለሴት ልጅም ጥሩ ነው፤ የእንቁላል ማምረቻ (ኦቫሪ) ሕመም ትርፍ አንጀት እየመሰለ ያደናግራልና በካሜራ ሁሉንም ማየት ይቻላል። በሌላ በኩል አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ ያስፈልገዋል፤ ከፈነዳ ደግሞ በካሜራም ተሠርቶ ውስጥ መግል ሊቋጠር ይችላል። አዲስ ሙከራ ነው ብለሽ ግን አትፍሪ፤ ጀርመናዊው ኩርት ዜም የመጀመሪያውን የሠራው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ያውም የማህፀን ሐኪም ሆኖ!

ስለዚህ ሰርጅኑን ሁለት ነገር ጠይቂው። አንደኛ፣ እሱ ራሱ አዘውትሮ የሚሠራው በየትኛው ነው? እጁ የለመደውን ይሥራልሽ። ሁለተኛ፣ በካሜራ ተጀምሮ ባይመች ይከፈታል ወይ፣ ያኔስ ሒሳቡ ስንት ይሆናል? እኛን ፈርሙ ሲሉን ወረቀቱ ላይ ይህ ነበረበት፤ ሳናነብ ፈርመን ኋላ ነው የደነገጥነው። የዋጋው ልዩነት የአንድ ወር ደመወዜን ያህል ነበር። ባለቤትሽ የቀን ሠራተኛ ወይም ሾፌር ከሆነ ቶሎ መነሳቱ ሊያካክሰው ይችላል፤ ቢሮ ተቀምጦ የሚሠራ ከሆነ ግን ለዚህ ብላችሁ አትበደሩ።

ያላችሁበት ቦታ ዛሬ ማታ ከፍተው ሊሠሩት ዝግጁ ከሆኑና ካሜራ ያለው ሌላ ሆስፒታል ለነገ ከቀጠራችሁ፣ የዛሬውን ያዙ። እስከዚያ ሐኪሙ ካልፈቀደ ምንም አይቅመስ፤ እናቱ አጥሚት ይዘው ከመጡም በር ላይ ተቀበያቸው።