ጥርሱ የተነቀለው መቼ ነው?

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሻይ ስንጠጣ አንዲት ኮሌጅ የምትማር ልጅ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «እትዬ፣ በጥርስ ሐኪም ቢሮ በአስተዳደር ሥራ መግባት እፈልጋለሁ፤ ከሁሉ የሚከብደው ምንድን ነው?» አለችኝ። በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው፣ ከፍሮንት ዴስክ፣ ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ፣ ተነሥቼ ቢሮ እስከ ማስተዳደር ከ20 ዓመት በላይ ስለሠራሁ መልሱ ከአፌ ሊጠፋ ባልተገባ ነበር። ኢንሹራንስ ነው ልላት ስል ግን አንድ ሽማግሌ ሃያ ሃያ ዶላር እየቆጠሩ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡ ታዩኝና ዝም አልኩ። ልጅቷ ያልሰማኋት መስሏት ጥያቄዋን ደገመችው። ያን ጊዜ ያልመለስኩላትን አሁን እጽፈዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2004 ነው። ሥራውን ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ቀጠሮ ወደ ኮምፒውተር የተዛወረው በቅርቡ ስለነበር አሮጌው ደብተር ከነእርሳሱ ገና ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ በእርሳስ የምንጽፈው ሰው ሁሉ ቀጠሮ ስለሚሰርዝ ነው፣ የአንዳንዱ ቀን ገጽ ከላጲስ ብዛት ሳስቶ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። ጋሼ፣ ስማቸውን አልጽፍም፣ ዋሽንግተን ውስጥ በመኪና ማቆሚያ ይሠሩ ነበር። አሠሪያቸው በዚያው ዓመት የጥርስ ኢንሹራንስ ስላስገባላቸው፣ አማርኛ የሚናገር ሰው አለ ሲባሉ ከቨርጂኒያ ድረስ ወደ እኛ መጡ። ከታች በግራ በኩል የመጀመሪያው ትልቁ መንጋጋ ጥርሳቸው የለም፤ እዚህ አገር ቁጥር 19፣ አብዛኛው ሌላው ዓለም 36 የሚለው ማለት ነው። እንጀራ እንኳ በቀኝ በኩል ብቻ እንደሚያኝኩ ነገሩኝ። «ደሴ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ ነው የተነቀለው፤ ማደንዘዣው ሳይይዝ ጎተቱት!» ብለው ሲስቁ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ይህን ሳቅ አስታውሱልኝ።

ሐኪሙ ብሪጅ እንዲሠራላቸው ወሰነ። ብሪጅ ማለት በባዶው ቦታ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ተሞርደው ክራውን የሚባለውን ሽፋን ይለብሱና መካከል ላይ የሚንጠለጠለውን ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሸከማሉ ማለት ነው። ዋጋው 2,400 ዶላር ነበር። ወደ ኢንሹራንሱ ደውዬ ግማሽ ሰዓት ያህል ሙዚቃ ካዳመጥኩ በኋላ አንዲት ሴት አነሣችው። ኢንሹራንሱ እየሠራ ነው? አዎ። የዓመቱ ጣሪያ ስንት ነው? 1,500። ዲዳክተብሉስ፣ በሽተኛው አስቀድሞ ከኪሱ የሚከፍለውስ? በዓመቱ መጀመሪያ በተሞላላቸው ጥርስ ተከፍሏል። ለብሪጅ ስንት ይከፍላል? 50 በመቶ። ሌላኛው ስልክ ይጮህ ነበርና አመስግኜ ዘጋሁ። ለጋሼም 1,200 እርስዎ፣ 1,200 ኢንሹራንሱ ብዬ በልበ ሙሉነት ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን አልተመለከቱትም፤ የተመለከቱት ፊቴን ነበር። እቁባቸው በዚያ ወር ስለወጣላቸው 1,200ውን በአንድ ጊዜ ከፈሉ።

ጥርሶቹ ተሞረዱ፣ ብሪጁ ተገጠመ፣ እኔም ክሌሙን፣ የክፍያ መጠየቂያውን ማለት ነው፣ ከራጁ ቅጂ ጋር በፖስታ ላክሁ። ክሌሙ ላይ የጎደሉ ጥርሶች ምልክት የሚደረግባቸው ቦታ አለ። 19 ቁጥር ላይ ምልክት ያደረግሁት፣ የተነቀለበትንም ዘመን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ከሳምንታት በኋላ መልሱ መጣ፤ የሚከፈል፣ ዜሮ። ኢንሹራንሱ ከመጀመሩ በፊት የተነቀለን ጥርስ ለመተካት አይከፍልም የሚል አንቀጽ ነበረበት። ይህ አንቀጽ ዛሬም በብዙ ኢንሹራንሶች ውስጥ አለ፤ የስልኳ ሴት ደግሞ ያልተጠየቀችውን አትናገርም። አስቀድሞ ግምት እንዲልኩልን ወረቀቱን ልኬ ጥቂት ሳምንታት ብታገሥ ኖሮ በጽሑፍ ይነግሩን ነበር። ጋሼም ያን ጊዜ ርካሹንና የሚወለቀውን ሰው ሠራሽ ጥርስ ያሠሩ ይሆናል፣ ወይም እንደ ለመዱት በቀኝ እያኘኩ ይኖሩ ይሆናል። አሁን ግን ሁለት ጤነኛ ጥርሶች ተሞርደው አልቀዋል፤ የተሞረደ ጥርስ አይመለስም።

ደወልኩላቸው። ያልኳቸውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ «ጋሼ፣ ኢንሹራንሱ እምቢ አለ።» እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ ነው አላልኩም። ትንሽ ዝም አሉና «እነርሱ እንዲህ ናቸው እኮ» አሉኝ፤ ጥፋቱን ራሳቸው አነሡልኝ። ለሐኪሙም ያንኑ ነገርኩት። ቀሪው 1,200 በወር 100 ዶላር እንዲከፈል አስፈቀድኩ። ጋሼ በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ በፖስታ ጠቅልለው አምስት ባለ ሃያ ያመጣሉ፣ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ፣ ከዚያም «ተሟግተሽ በየወሩ ያደረግሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ከክፉ ይሰውርሽ» ብለው ይመርቁኛል። አሥራ ሁለት ጊዜ አሜን አልኩ። በመጨረሻዋ ቅዳሜ ዕዳ የለብዎትም የሚለውን ደረሰኝ ስሰጣቸው ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከኋላቸው ወረፋ የያዘች ሴት ነበረችና ተውኩት። ወዲያው ወደ ሌላ ስቴት ሄዱ መሰለኝ፣ ተመልሰው አላየኋቸውም።

ስለዚህ ልጄ፣ የሚከብደው ይህ ነው። ለኢንሹራንሱ የሕክምናው ዓይነት የሚጻፍባቸው ኮዶች አይከብዱም። ዲ1110 የአዋቂ ጥርስ ማጽዳት፣ ዲ4341 ከድድ በታች የሚደረገው ጥልቅ ማጽዳት መሆኑን በሁለት ወር ትይዥዋለሽ፤ በየዓመቱ የሚለወጡትንም ታነቢያለሽ። ስለ ሰዓት ማክበርና ስለ ፈገግታ አልጽፍም፤ ያን ከቤት ይዞ ያልመጣ ሰው ከእኔ ደብዳቤ አያገኘውም።

ሰርቲፊኬት ያስፈልጋል ወይ ለምትሉት፣ ጥርስ የምታጸዳዋ ሃይጂኒስት የስቴት ፈቃድ ያስፈልጋታል፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ለምንቀመጠው ግን ፈቃድ የሚጠይቀን የለም። እኔ አንዲት ቀን ሳልማር ነው የተቀጠርኩት፤ ሥራው የሚለመደውም ወንበሩ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ማመልከቻ ፊቴ ሲቀርብ ኮርስ የወሰደችውን እንደማስቀድም መደበቅ አልችልም፤ ቢያንስ የጥርስ ቁጥርና የጥርስ ጎኖችን ስም ለማስተማር የማጠፋው ጊዜ ይቀርልኛል። የምትመዘገቡበት ኮርስ የኢንሹራንስ ማጣሪያን፣ ምን እንደሚከፍልና እንደማይከፍል አስቀድሞ መጠየቅን፣ በተግባር የማያለማምድ፣ ሶፍትዌር ላይ ሳያስቀምጥ በመጽሐፍ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አስቀምጡ።

የዘንድሮ ልጆች ስልክ መደወል ትፈራላችሁ። ይህን የምለው በቂም አይደለም፤ ኮምፒውተሩን ከእኔ ይልቅ በዐሥር እጥፍ ታቀላጥፉታላችሁ፣ የኢንሹራንሱን ድረ ገጽ ከፍታችሁ በሁለት ደቂቃ 50 በመቶ የሚለውን ታገኛላችሁ። ጋሼን የጎዳቸው ግን ያው 50 በመቶ ነው። ድረ ገጹ ላይ አረንጓዴ ምልክት ስታዩ ሥራው ያለቀ ይመስላችኋል፤ እኔም የስልኳ ሴት «አዎ» ስትለኝ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እናንተን ስወቅስ ራሴን መውቀሴ እንደሆነ አውቃለሁ።

አበሻ በሽተኛ ሲመጣላችሁ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ያገር ልጅ ናት ብሎ ወረቀቱን አያነብም። ሁለተኛ፣ የሕክምና ምስጢር ሕጉ ቢሯችን ድረስ የመጣው በፈረንጆቹ 2003 ነው፤ የእኛ ሰው ግን ዛሬም «እንትና መጥታ ነበር? ምኗን አመማት?» ይላል፣ ያውም ጸበል ጸዲቅ ላይ። አንድ ጊዜ አክስቴ እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አልመልስም ስላልኳት ሁለት ወር ኩርፊያ አተረፍኩ። ለክፋት አልጠየቀችም፤ ልትጠይቃት፣ ሾርባ ልትወስድላት ነበር። ሕጉ ግን ሾርባ አያውቅም።

ዛሬ በቢሯችን የኢንሹራንስ ማጣሪያ ቅጽ ላይ፣ ከመቶኛው ቀጥሎ፣ ጥርሱ የተነቀለው መቼ ነው የሚል መስመር አለ። ባዶ ከሆነ ለበሽተኛው የዋጋ ወረቀት አይሰጥም፤ ሐኪሙ ራሱ ቢቸኩልም አይሰጥም። በዚህ ምክንያት ግትር ናት እንደሚሉኝ ሰምቻለሁ።

ልጅቷ ትናንት ቴክስት ላከችልኝ፤ መደወል ትችል ነበር። ሐሙስ በምሳ ሰዓት ቢሮ ትመጣና አጠገቤ ተቀምጣ አንድ የኢንሹራንስ ስልክ ከሙዚቃው እስከ መጨረሻው ጥያቄ ታዳምጣለች። የምደውለው ስለራሴ ኢንሹራንስ ነው፣ የማንም ምስጢር አይወጣም፤ እኔም ብሪጅ የሚያስፈልገው አንድ ባዶ ቦታ አለኝ።