ከዋሻው ፊልም በኋላ ሊፍት ውስጥ መግባት አቃተኝ

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። በቅርቡ ከእህቴ ጋር «ዘ ዲሴንት» የተባለውን እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የእንግሊዝ ፊልም አየሁ፤ አሜሪካ ውስጥ ዋሻ ሊጎበኙ ገብተው መውጫው የተደፈነባቸው የስድስት ሴቶች ታሪክ ነው። ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤታችን ሊፍት በሩ ሲዘጋ ልቤ ይደልቃል፣ አየር ያጥረኛል፣ ጣቶቼንና ከንፈሬን ይደነዝዘኛል። አሁን እስከ ስምንተኛ ፎቅ የምወጣው በደረጃ ነው፤ በደረጃው ምንም አልሆንም። ልጅ ሳለሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎብኝ ያውቃል። ለወገብ ሕመሜ የታዘዘልኝን ኤም አር አይም (ዋሻ መሰል ማሽን ውስጥ ተኝተው የሚነሡት የሰውነት ምስል) ፈርቼ ሰርዣለሁ። ልቤን አሞኝ ይሆን?

መልስ፦ ከደብዳቤዎ ውስጥ ለእኔ ትልቁ መረጃ ስምንት ፎቅ በእግርዎ ወጥተው ምንም አለመሆንዎ ነው፤ የታመመ ልብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውቀው ሥራ ሲበዛበት እንጂ በር ሲዘጋ አይደለምና። ያም ሆኖ በደብዳቤ ብቻ ልብን ነጻ ማውጣት ስለማይቻል፣ አንድ ጊዜ የልብ ምት ምርመራ (ኢሲጂ) ቢነሡ፣ የደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ ምርመራም ቢያደርጉ ጥሩ ነው። ሲደክሙ ደረትዎን የሚያምዎ፣ ራስዎን የሚስቱ ወይም ተቀምጠው ሳሉ ልብዎ ያለ ምክንያት የሚደልቅ ከሆነ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ።

የገለጹት ሁኔታ ይበልጥ የሚመስለው ከጠባብ ቦታ ፍርሃት ጋር የሚነሣ ፓኒክ አታክ (ድንገት የሚመጣ ብርቱ ድንጋጤ) ነው። አየር ያጠረዎ ሲመስልዎ በእርግጥ እየሆነ ያለው ተቃራኒው ነው፦ ከሚያስፈልግዎ በላይ እየተነፈሱ በደምዎ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያሳንሱታል፤ የጣትና የከንፈር መደንዘዝ፣ የራስ ማዞርም የሚመጣው ከዚህ ነው። ስሜቱ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ደርሶ ከዚያ በራሱ ይበርዳል። ሊፍቱም አየር የማያስገባ የታሸገ ሣጥን አይደለም። በአፍንጫ ቀስ ብለው አየር ያስገቡ፤ ሲያስወጡ ደግሞ ካስገቡበት ጊዜ ረዘም ያድርጉት። አንዳንዶች የሚመክሩትን በወረቀት ከረጢት ውስጥ መተንፈስ ግን አይሞክሩት።

የጠባብ ቦታ ፍርሃት ሁለት ፍርሃቶች የተጋመዱበት ነው፤ አንዱ መታፈን፣ ሌላው መንቀሳቀስ አለመቻል። ፊልሙን ያዩ ብዙዎች ኋላ የሚመጡትን ፍጡራን ያነሣሉ፤ እኔ ግን ይበልጥ የሚያስጨንቀው ከእነርሱ በፊት ያለው፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በሆዷ እየተሳበች ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የምትያዝበት ትዕይንት ነው እላለሁ፤ ሁለቱም ፍርሃቶች እዚያ ላይ ይገናኛሉና። ቁም ሣጥን ተቆልፎበት ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ይህ ልብ ወለድ ብቻ ሆኖ አያልፍም። ፊልሙ አዲስ በሽታ አልሰጠዎትም፤ የነበረውን ቀሰቀሰው እንጂ። በነገራችን ላይ፣ ዋሻዎቹ ለንደን አጠገብ ባለው በፓይንዉድ ስቱዲዮ የተሠሩ ነበሩ። ይህን ማወቅ ግን ነገ ጠዋት ሊፍቱ በር ላይ ብዙም አይረዳዎትም፤ አደጋ የሚጠቁመው የአንጎል ክፍል ማስረጃ እስኪቀርብለት አይጠብቅምና።

ፍርሃቱን የሚያሳምነው ልምምድ ነው። በደረጃ በወጡ ቁጥር አንጎልዎ «ከሊፍቱ ስለሸሸሁ ተረፍኩ» የሚል ትምህርት ይወስዳል፤ በዚህ ምክንያት ፍርሃቱ በማረፍ ፈንታ ይጠነክራል። ስለዚህ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ከእህትዎ ጋር ሄደው መጀመሪያ በሩ ክፍት እንዳለ ገብተው ይቁሙ። ፍርሃቱ በግማሽ ያህል እስኪቀንስ ይቆዩ፤ ጫፍ ላይ ሳለ ሮጠው መውጣት ልምምዱን ያበላሻል። ይህ ሲለምድዎ አንድ ፎቅ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ በመጨረሻም ብቻዎን ይውጡ። በየቀኑ ቢሆን ይመረጣል። በዚያው ሰሞን ቡናውን ከአቦል ባያሳልፉት መልካም ነው፤ ካፌይን የልብ ምትን ከፍ አድርጎ ራሱን እንደ ፍርሃት ያስመስላል።

ኤም አር አዩን እንደሰረዙት አይተዉት፤ ለሐኪምዎ ይንገሩ። የማሽኑ ዋሻ በሁለቱም ጫፍ ክፍት ነው፤ ስፋቱ በአብዛኛው 60 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 70 የሆኑም አሉ፤ ቀጠሮ ሲይዙ ሰፊው የት እንደሚገኝ ይጠይቁ። በእጅዎ የሚጨመቅ የጥሪ ኳስ ይሰጥዎታል፤ ሲጨምቁት ባለሙያው ያነጋግርዎታል። የሚነሣው ወገብ ስለሆነ በእግር በኩል መግባት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ዓይንዎንም ከመግባትዎ በፊት ሸፍነው እስኪወጡ አይግለጡት። ይህ ሁሉ ካልበቃ ሐኪምዎ ለዚያ ቀን ብቻ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊያዝልዎ ይችላል፤ ከመድኃኒት ቤት በራስዎ ገዝተው ግን አይውሰዱ፣ ወስደው ከሆነም በዚያ ቀን መኪና አይንዱ።

ፍርሃት እንደ ፎቢያ (እንደ ፍርሃት ሕመም) የሚቆጠረው ብዙውን ጊዜ 6 ወር ያህል ሲዘልቅ ነው፤ እርስዎ ግን ሥራዎንና ምርመራዎን ስላደናቀፈብዎት ያን ያህል መጠበቅ አያስፈልግዎትም። ልምምዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ካልረዳዎት የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የአእምሮ ሐኪም ያማክሩ። አማኑኤል ሆስፒታል መሄድን እንደ ነውር የሚያይ ሰው ዛሬም አይጠፋም፤ ለዚህ ዓይነቱ ፍርሃት ግን እዚያ መታየት ለወገብዎ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ከመሄድ የተለየ አይደለም።